ወረቀቱን ያየ ወጥቷል

«እርሳሱ ከወረቀቱ አይነሳም፤ ዓይናችሁም ከጓደኛችሁ ፊት አይነሳም። ወረቀቱን ያየ ወጥቷል» አለ የሥዕል መምህሩ፣ በዴስኮቹ መሀል እየተንጎራደደ።

ጨፍኑ ላሞኛችሁ፣ አለች ከተማሪዎቹ አንዷ በሆዷ። የታፔላ ጻፊ ልጅ ናት። አባቷ አንዲት ፊደል ለመጣል ሦስት ጊዜ በክር የሚለካ ሰው ነው፤ ይኼ ባለዲግሪ ግን ሠላሳ ልጅ ሰብስቦ የዕውር ድንብር ያስተምራል። ባለፈው ሳምንት «በግራ እጃችሁ ሣሉ» አለ። ከዚያ በፊት ወረቀት አስጨምድዶ «ጥላውን ሣሉ» ብሎ ነበር። በዚህም ደመወዝ ይበላል።

መናቅ ሌላ፣ መፈለግ ሌላ። ዛሬ በሚሣሉት ሥዕል ከክፍሉ አንድ ልጅ ይመረጣል፤ የተመረጠው ክረምቱን ሙሉ ሸራ ላይ መሣል ይማራል። እሷ ሸራ ነክታ አታውቅም። ለእሷ ቀለም ማለት አባቷ ቆርቆሮ ውስጥ የተረፈ ጥራጊ ነው።

ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ጭራሮ ነው። ጭራሮ ያሉት በቅጥነቱ ነው፤ እሷ እንኳ ለማንደጃም አይሆንም ባይ ናት። አፉን ከፍቶ፣ መምህሩ እንዳለው ዓይኑን ሳይነቅል አፍጥጦባታል። የነገሩትን ሁሉ የሚያደርግ ልጅ።

«አትብላኝ እንጂ» አለችው።

«ዝም በይ በናትሽ፤ ስታወሪ አገጭሽ ይጠፋብኛል።»

መምህሩ ዞር ሲል ወረቀቷን አየች። አንዴ። ከዚያ ሦስቴ፣ አራቴ፤ ከዚያ መቁጠሩንም ተወችው።

ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ ሲለጠፉ የሌላው ሁሉ ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላል። የእሷ ግን ቁርጥ ጭራሮን ነው።

«አያችሁ? እጇ ራሱ ዓይን አለው» አለ መምህሩ።

ይኼ ሰውዬ ዲግሪውን በሎተሪ ነው እንዴ ያገኘው፣ ብላ ሳቋን ዋጠች።

መምህሩ የጭራሮ ሥዕል ጋ ደረሰ። አፍንጫው ከጆሮው የተጋባ ፊት ነው። ዓይኖቹ ብቻ ቦታቸውን አልሳቱም፤ ሁለቱም ቁልቁል አቀርቅረዋል፣ ሽፋሽፍታቸው ወርዷል።

«ምነው፣ ልጅቷን አስተኛሃት?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጭራሮ ወደ እሷ አየ፣ ከዚያ ወደ ጫማው።

«እኔ ያየሁት እንደዚህ ነው» አለ።

«አላስተዋልክማ። ስንት ቀን ነው አስተውሉ የምላችሁ?»

ሳቁ ቀጠለ። ከሠላሳ ልጅ መሀል ስታጭበረብር ያያት እሱ ብቻ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ከፊቷ ሌላ ያየው ነገር የለማ። አንዲት ቃል ቢተነፍስ አበቃላት። አልተነፈሰም። ለዚህም ልትንቀው ሞከረች፤ ንቀቱ ግን እንቢ አላት።

መምህሩ ለክረምቱ ትምህርት ስሟን ሊጽፍ ማስታወሻውን ገለጠ።

«አልተኛሁም» አለች። «ወረቀቴን እያየሁ ነበር።»

መምህሩ እስክሪብቶውን እንዳነሳ ቀረ። ያን ጊዜ እንኳ ፊቱን አይታ፣ አቤት ቂልነት፣ ሳትል አላለፈችም። ተነስታ ሥዕሏን ከግድግዳው ነቀለችና አጣጠፈችው። ተመልሳ ተቀመጠች፤ አዲስ ወረቀትም ዘረጋች።

«ቀና በል» አለችው ጭራሮን። «አፍህን ደግሞ ዝጋ።»