ከባሕር የተመለሰው ብስክሌት

ጂን፣ ዛር፣ የቀትር ጋኔን ሲወራ በሆዳቸው ከሚስቁት ሰዎች አንዷ ነበርኩ፤ በሆዳቸው ማለቴ ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው፣ ሰው ፊት ጮክ ብዬ ስቄ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጂኦግራፊ ተምሬ፣ ድሬዳዋ ተመልሼ ልጃገረዶች የማስተምር ሰው ነኝ፣ ነፋስም ዝናብም ምክንያት አለው ብዬ ነው የማምነው። ስለዚህ ይኼን ስነግራችሁ ተረት አታድርጉብኝ፤ ተረት ቢሆን ከሁላችሁም በላይ ደስ የሚለው እኔን ነበር።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት ተማሪዬ ናት። ከጃንሆይ ሥዕል አጠገብ የተሰቀለውን ካርታ እያሳየሁ ስለ ባሕር ሳስረዳ እጇን አውጥታ፣ «ሚስ፣ ባሕር ምን ይሸታል?» አለችኝ። ወደ ባሕር የሚወርደውን ባቡር ፉጨት እየሰማሁ ነው ያደግሁት፣ ባሕሩን ግን አይቼው አላውቅም። የዚያን ዕለት ማታ ለታናሽ ወንድሜ ለታደሰ ነገርኩት። እሱ ባቡር ጣቢያው ጋራዥ ነው የሚሠራው፣ ብስክሌት ደግሞ ነፍሱ ነው። «እንሂዳ፣ እታለም!» አለኝ፣ እንዲያ ነበር የሚጠራኝ፤ ለገና ዕረፍት ብስክሌቶቻችንን ባቡር ላይ ጭነን ጅቡቲ ልንወርድ፣ ከዚያ የባሕሩን ዳር ይዘን፣ መንገድ ላይ እያደርን፣ ታጁራ ድረስ ልንነዳ ተስማማን።

መንገዱን ያስጠናን ጎረቤታችን አዴር የሱፍ ነው፣ «አዴር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፣ ቀፊራ ገበያ ጨውና ቴምር የሚሸጥ ሶማሌ ሽማግሌ፣ በወጣትነቱ ያንን ዳርቻ ከግመል ጋር በእግሩ የጨረሰ። ግቢያችን ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ባሕሩን በእንጨት መሬት ላይ ይሥልልናል።

«እዚህ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ጎማ ይበላል ወላሂ። እዚህ ጉድጓድ አለ፣ ከዚህ ወዲያ ውሃ የለም። ቀትር ላይ እንዳትነዱ።»

«ጋኔን ይይዘናል፣ አዴር?» አለ ታደሰ።

«ፀሐይ ነች የምትይዝህ! ጋኔን አንተን ምን ያደርግሃል አቦ፣ ሥጋ እንኳ የለህ!»

እናቴ አልሳቀችም። «ሴት ልጅ በብስክሌት! ሰፈሩ ምን ይላል?»

«አብሽሪ፣» አላት አዴር፣ «ሰፈሩም ብስክሌት ቢኖረው ይሄድ ነበር።»

ድሬ ባሕር ባይኖራትም አሸዋ አላት፣ ስለዚህ በደረቁ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ላይ መንዳት እንለማመድ ጀመርን። ልጆች ከድልድዩ ላይ «ሚስ፣ መዋኛ ልብስሽስ?» እያሉ ይጮሁብኛል፣ እኔ በሃፍረት እቀልጣለሁ፣ ግን እመኑኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እዚያው የኋላ ጎማዬን ጠርሙስ ቀደደው። አዴር የሱፍ ከውስጥ ቆዳ አድርጎ በጨው ጆንያ መስፊያ ሰፋልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብስክሌቴ ባለፈበት ሁሉ የስፌቱ ምልክት መሬት ላይ ይታተማል፣ ታደሰም «አሁን የት እንደሄድሽ አገር ያውቃል» እያለ ያበሽቀኝ ነበር።

ለመሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን ነው። የድሬን ቀትር ታውቁታላችሁ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰው በየቤቱ ተኝቶ፣ አህያው እንኳ ጥላ ስር ፈዞ የሚቆምበት ሰዓት። እናቴ እንደ ልማዷ ግቢውን ውሃ ረጭታ፣ ጠርጋ፣ በሩን ቀርቅራ ተኛች። ታደሰ ምንጣፍ ላይ ያንኮራፋል። ሁለቱ ብስክሌቶች ዕቃ እንደተጫነባቸው ሳሎን ግድግዳውን ተደግፈዋል። እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስገላበጥ፣ ውጪ የብስክሌት ደወል አንዴ ጮኸ፣ የታደሰ ብስክሌት ደወል፣ ያ የላላውና ሻካራ ድምፅ ያለው። ከዚያ ጎማ በእርጥብ አሸዋ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ፣ ቀርቦ ቀርቦ በረንዳው ስር ቆመ።

ተነሥቼ ወጣሁ። ማንም የለም፣ የግቢው በር እንደተቀረቀረ ነው። የተጠረገው መሬት ላይ ግን የጎማ መንገድ አለ። ሁለት ብስክሌቶች ጎን ለጎን ወጥተዋል፣ አንደኛው በየዙሩ ስፌቱን ያተመ። የተመለሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እርጥብ ነው፣ ስፌትም የለበትም። ፀሐይዋ ስታደርቀው ጠርዙ ነጭ እየሆነ መጣ። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ ጨው ነው። ሮጬ ሳሎን ገባሁ፣ የሁለቱንም ብስክሌቶች ጎማ ዳሰስኩ፣ ደረቅ ናቸው። እናቴን ቀስቅሼ ላሳያት ስመለስ መሬቱ ላይ ምንም አልነበረም።

የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ ያልተመለሰችው እኔ ነኝ።

ማታ ለታደሰ አልሄድም አልኩት።

«ለምን?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

ጭነቱን ከብስክሌቱ ላይ መፍታት ጀመረና፣ «ብቻዬንማ አልሄድም፣ ባሕሩ ያንቺ ነበር» አለኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር። ክረምት ላይ ግን ታደሰን ወባ ያዘው፣ ትኩሳቱ ሲበረታ ይቀባጥር ጀመር። «ተመለሺ አልኳት እኮ፣ እማ። ጫማዋን አውልቃ ውሃው ዳር ተቀመጠች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፣ ጮክ ብላ ነው የምትስቀው። አንተ ሂድ፣ እኔ እዚህ ደስ ብሎኛል አለችኝ።»

«ማን ናት፣ ልጄ?»

«እታለም ናታ!»

እጁን ይዤ፣ «ይኸው እዚህ ነኝ፣ ታዴ» አልኩት። እንግዳ ሰው እንደሚያይ አየኝና፣ በትሕትና፣ «አይ፣ እርስዎ አይደሉም» አለኝ።

ሲድን አንዱንም አላስታወሰም። ግን ከዚያ ወዲህ እታለም ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅሁት፣ «ሁልጊዜስ በስምሽ አይደል የምጠራሽ?» አለኝ፣ የምሩን ነው።

አሁን እሱ አዲስ አበባ ተዛውሯል፣ ብስክሌቶቹም ተሸጠዋል። እኔ ያንኑ ካርታ እያሳየሁ አስተምራለሁ። ያኔ አለመመለስ ማለት ሞት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ደስ ብሎት የሚቀር ሰው መኖሩን አላሰብኩም። ባሕር ምን እንደሚሸት ዛሬም አላውቅም፣ ውሃው ዳር የቀረችው እሷ ግን ታውቃለች።

ግቢውን በቀትር የምጠርገው አሁን እኔ ነኝ። ጠርጌ ስጨርስ በሩን አልቀረቅረውም፣ ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ። አንድ ቀን ያ የተሰፋ ጎማ ወደ ውስጥ ሲገባ ያየሁ እንደሆነ፣ በዚህ ቤት ውስጥ እንግዳዋ ማን እንደምትሆን ግን አላውቅም።