ከድርማ ሸለቆ የመጣው «አለሁ»

ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። የሰመራል መንግሥት ንቦች በአንድ ጠዋት ቀፏቸውን ጥለው ሲሰደዱ፣ ሽማግሌዎቹ ሰማዩን ቀና ብለው ሳያዩ አለቀሱ። በዚያ አገር ንብ የሚሰደደው ዝናብ ሲሰደድ ነውና። ወደ መቅደሱ ሮጠው ቢያዩ፣ ሲነፋ ዝናብ የሚጠራው የዝናቡ ቀንድ ከተሰቀለበት የለም። ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት የሆነው አውሬ፣ ኮርሞ፣ ሰርቆ መንገድ ወደሌለው ወደ ድርማ ሸለቆ ይዞት ወርዷል።

ንጉሡ ሕዝቡን ሰብስበው፦ «ቀንዱ ከአውሬው እጅ በወጣ ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሸለቆው አፋፍ ላይ መነፋት አለበት። ካልሆነ ድምፁ ለዘላለም ይሞታል። ማን ይሄድልኛል?» አሉ።

ነሐብ የምትባል ወጣት ማር ቆራጭ ተነሣች። «ሳልነፋው ብመለስ የሰመራል ምድር ሬሳዬን አትቀበል!» ብላ ማለች።

ወላጆቻቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ደምሳን ከኋላዋ ብድግ አለ። «እሷ ከማለች እኔም ምያለሁ። ምን ላድርግ፣ ያሳደግኋት እኔ!»

ንጉሡ በዚያ ሐዘን መሐል እንኳ ፈገግ አሉ።

ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ወረዱ። ሸለቆው ቀጋና ክትክታ፣ ሐረግና እሾህ የተጠላለፈበት ጥሻ ነው፤ ከክንድ አልፎ አያሳይም። ለዚህ ነው ሰመራሎች የጥሻ ሕግ ያላቸው። የፊተኛው እየጣሰ ይሄዳል፤ የገፋው ቅርንጫፍ ተፈናጥሮ ዓይኑን እንዳያጠፋው ወደ ኋላ አይዞርም፣ ይጣራል እንጂ። የኋለኛው «አለሁ» ይላል። ካልመለሰ፣ የፊተኛው አንድ እርምጃ አይራመድም።

«ጋሼ!»

«አለሁ! ሱሪዬ ግን የለም፤ ቀጋው ወስዶታል።»

ነሐብ እየደማች ሳቀች። እንዲህ እየተጣሩ፣ ገደሉን በጠፍር እየወረዱ፣ ከዓለት ጉድጓድ የቀረች ውሃ እየተካፈሉ ከኮርሞ ዋሻ ደረሱ።

አውሬው ቀንዱን አቅፎ ተኝቷል። ነሐብ መንጭቃ ስትወስድበት ነቃና ዘለለባት። ደምሳን በመካከል ገብቶ ጦሩን ጉሮሮው ላይ ሰካበት። ኮርሞ ሲወድቅ ግን ገደሉን ይዞት ተናደ። አቧራው ሁሉን ሸፈነው።

«ጋሼ!»

«አለሁ! ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፣ ፊትሽን አዙሪና ውጪ!»

ወጣች። እጇ በእሾህ እየተተለተለ፣ ቀንዱን በደረቷ አቅፋ ትጣራለች፤ እሱም ይመልሳል። ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ፣ «ጋሼ ደከመው» እያለች ታዝንለት ነበር። አፋፉ ላይ ደርሳ፣ ጥሻው ሲያልቅ፣ በመጨረሻ ዞረች።

ደምሳን ከታች፣ ከተናደው ገደል ሥር ነበር። ከወገቡ በታች ቋጥኝ ተጭኖታል። አንድ እርምጃ አልተነቃነቀም።

ልጆቼ፣ ያ ሸለቆ የጎርፍ መንገድ ነው። ዝናብ ከዘነበ የሚወርደው በዚያ ነው።

«ጋሼ! ምነው ተይዘህ ሳለ አለሁ አልከኝ?» ብላ ጮኸች።

«ዝም ብልማ አትሄጂም ነበር!»

«እወርዳለሁ! አወጣሃለሁ!»

«እቴ፣ ይህን ቋጥኝ መንደሩ ቢሰበሰብ አያነሣውም። ፀሐይዋን እያት! ንቦቹን መልሺያቸው። ንፊው!»

ፀሐይ የተራራውን ጫፍ ነክታለች። ነሐብ ቀንዱን ወደ አፏ ወሰደች። ከዚያ ነፋች። ደመናው ከአራቱም ማዕዘን እየተጋፋ መጣ፣ ሰማዩም ተቀደደ።

«ጋሼ!»

«አለሁ!»

«ጋሼ!»

«አለሁ፣ እቴ!»

«ጋሼ!»

ጎርፉ ብቻ መለሰላት።

ሰመራል ለመለመች። ንቦቹም ተመለሱ። ንጉሡ የወርቅ ካባ አስይዘው መልእክተኞች ቢልኩ፣ ነሐብን እዚያው አፋፍ ላይ አገኟት።

«ተነሺ፣ እመቤቴ፤ አገሩ ሁሉ ይጠብቅሻል» አላት አለቃቸው።

«ለጃንሆይ እጅ ንሱልኝ» አለች። «ሕጉን ግን ታውቁታላችሁ። የኋለኛው ገና አልመለሰልኝም።»

ካባውን ከእግሯ ሥር አስቀምጠው ተመለሱ። ኮረብታውን እስኪያልፉ ድረስ፣ ከኋላቸው ስትጣራ ይሰሟት ነበር።