እስከ አስር የሚቆጠር ዝምታ

የጂንና የመንፈስ ወሬ ሲጀመር ወንበሬን ይዤ ወደ ሌላ ጠረጴዛ የምዛወር ሰው መሆኔን አሶሳ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፣ ስለዚህ ይህን የምነግርህ ልትስቅብኝ እንደምትችል አውቄ ነው፣ ሳቅ፣ እኔም በአንተ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር።

አማተር ሬዲዮ ማለት ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲባል ከሩቅ ሰው ጋር በሞገድ የሚወራበት ነገር ነው፣ ዋና ሕጉም የምትናገረውን ማንም መስማት መቻል አለበት፣ መመስጠር ክልክል ነው የሚል ነው። እኔ ይህን ሕግ ስቃወም ሸብቻለሁ። ደብዳቤውን አሽጎ የሚልክን ሰው ማንም አይከስም፣ በሩን ዘግቶ የሚያወራንም እንደዚሁ፣ የእኛ ወሬ ብቻ ለምን ገበያ ላይ ይሰጣል? ምስጠራ ይፈቀድ የሚል ባለ ስድስት ገጽ ማመልከቻ ጽፌ ፊርማዬ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ኩርሙክ የሚኖረው ወዳጄ ኢድሪስ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፣ በዚህ ጉዳይ ሰምቶኝ አያውቅም። አንድ ልማድ አለው፣ ተናግሮ ሲጨርስ ዝም ብሎ እስከ አስር ይቆጥራል። «መምህር፣ መንገድ ላይ የተቸገረ ሰው ይኖራል፣ ይግባ» ይላል። እኔ ችኩል ስለሆንኩ ሦስት ላይ እናገራለሁ።

ባለፈው ክረምት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጠራኝ፣ ድምፁ የእሱ አይመስልም።

«መምህር፣ ዘሃራን ምጥ ይዟታል።»

ዘሃራ ልጁ ናት፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። «አዋላጅ የለችም?» አልኩት።

«አለች፣ ግን… ቆይ፣ ሰው ይሰማል። የሴት ነገር ነው፣ ያሳፍራል።»

አየህ! አልኩ በልቤ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰውየው በልጁ ሕይወት ተጨንቆ እኔ ክርክር በማሸነፌ ደስ አለኝ። ድምፅን አመሳቅለው፣ የምስጢር ቁጥሩን ለማያውቅ ሰው ጩኸት ብቻ የሚያደርጉ ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች ሠርቼ ነበር፣ አንዱን አሶሳ በመጣ ጊዜ አስይዤዋለሁ፣ ቁጥሩንም በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት እንጂ በአየር ላይ አንድም ጊዜ አልተነገረም። «ሳጥኑን ሰካው» አልኩት።

ሰካው፣ ስለሚፈሳት ደም፣ ስለ ሰዓቱ፣ ሁሉንም ነገረኝ። መኪና ተገኝቷል፣ እኔ ሆስፒታል ሄጄ እንዲዘጋጁ እንድነግራቸው ነው የፈለገው። «በታችኛው መንገድ፣ በድልድዩ እንመጣለን፣ እሱ ያጥራል» አለና ዝም አለ።

ገባኝ፣ እየቆጠረ ነው።

«ኢድሪስ፣ በር ቆልፈህ እንግዳ ትጠብቃለህ እንዴ?»

«ወላሂ ልማድ ነው፣ መምህር። ተወኝ፣ ልቁጠር።»

ተውኩት፣ እኔም በልቤ አብሬው ቆጠርኩ። ስድስት ላይ የማይክራፎን ቁልፍ ሲጫን እንደሚሰማው ጠቅ አለ፣ እሱ መስሎኝ ነበር፣ ከዚያ የውሃ ድምፅ መጣ፣ ብዙ ውሃ፣ እመነኝ፣ አሶሳ ያን ቀን ጠብታ አልጣለም። ስምንት ላይ አንድ ሽማግሌ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ሳይቸኩል ተናገረ፦

«በድልድዩ አትምጡ። ዘሃራን በላይኛው መንገድ አምጧት።»

እንደገና ጠቅ አለ።

«መምህር፣ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም! አንተ ጋ ማን አለ?»

«ማንም። እዚህ ዝናብም የለም።»

የሌላ ጣቢያ ድምፅ ገብቶብን ነው፣ አትስማው፣ አጭሩን መንገድ ያዝ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ቀደመኝ። «እኔ ስንት ዓመት የቆጠርኩት ለዚህ ነው። በላይኛው እንሄዳለን» አለ።

ድልድዩን ጎርፍ የወሰደው በዚያው ምሽት ነው፣ ለካ ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሯል። ዘሃራ ዘግይታም ቢሆን ደረሰች፣ ወንድ ልጅ ተገላገለች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ሳጥኖቹን ፈታትቼ አየኋቸው፣ ሥራውን ከእኔ በላይ ለሚያውቅ ሰውም አሳየሁ፣ ያለ ቁጥሩ አንድ ቃል መስማትም ሆነ መናገር አይቻልም አለኝ። ሦስተኛ ሳጥን አልሠራሁም። ወረቀቱም ኢድሪስ ቦርሳ ውስጥ እንደታጠፈ ነው። ድምፁን ታውቀዋለህ ወይ ብዬ አንዴ ብቻ ጠየቅኩት፣ እስከ አስር ቆጠረና ስለ አሶሳ አየር ጠየቀኝ።

ማመልከቻዬ አሁንም ትክክል ነው፣ አንድ ቃል አልሰርዝም፣ የዘሃራ ገመና የገበያ ወሬ አለመሆኑ ደግ ነው። ግን አልፈረምኩትም፣ ያን ቀን ሳጥኑ እንደ ሐሳቤ ማንንም ሳያስገባ ቀርቶ ቢሆንስ? እላለሁ። አሁን እኔም እቆጥራለሁ። አንዳንድ ቀን ስድስት ላይ ጠቅ ይላል፣ ከኋላው ውሃው ይሰማል፣ የማን መንገድ ይሆን ብዬ ጆሮዬን እሰጣለሁ፣ አስር ይሞላል፣ ማንም አይናገርም።