ወንበር ጠባቂው

በየሻይ ቤቱ «ምክትሉ ማን ይሆን?» እያልክ ስትወራረድ፣ ወንበሩን ለጊዜው ያዝልን ተብሎ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቀህ ታውቃለህ? የናይጄሪያዋ አቡጃም አልጠየቀችም። አልሃጂ ሙንታቃ ይባል ነበር፤ ጡረታ የወጣ መምህር። ፓርቲው የምዝገባው ቀነ ገደብ ሲያጣድፈው ስሙን ከፕሬዚዳንታዊ እጩው ከሴናተር ኦላጂዴ ጎን በምክትልነት አስገባ፤ ዓርብ በፈቃዱ ሊለቅ፣ እውነተኛው ምክትል ሊተካ። ማክሰኞ ቀትር ላይ በእንግዳ ማረፊያው ሞቶ ተገኘ። ሰኞ ማታ የጠጣው፣ ፉራ የሚሉት በወተት የተበጠበጠ የእህል መጠጥ መርዝ ነበረበት።

ፉራውን ያመጣለት ታናሽ ወንድሙ ሃቢቡ ስለነበር ፖሊስ ይዞ አሰረው። መርማሪዋ ላራባ ዶጎን እንዲህ ያለ ችኮላ ያንገሸግሻታል፤ ሰውዬው ቢፈረድበት የሚጠብቀው ገመድ ነውና።

ሃቢቡ እንደነገራት፣ ሟቹ እሁድ ዕለት ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። «ዕድሜዬን ያስተማርኩት የሰው ወንበር ለማሞቅ አይደለም፤ አልለቅም» ብሎታል፤ ይህንንም ለዘመቻው ኃላፊ ለዶክተር ኦሳሮ እነግረዋለሁ ብሎ ነበር። ሰኞ ማታ ከሃቢቡ ሌላ የጎበኙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኦሳሮና ከተማው ሁሉ ምክትል ይሆናል የሚለው አገረ ገዥ ኢልያሱ።

አገረ ገዥው ሳቀባት። «ሦስት በሬ ጥዬ ዓርብን የምጠብቅ ሰው ማክሰኞን ምን ብዬ ላበላሽ፣ ሐጂያ?»

ኦሳሮ ግን አልሳቀም። «አልለቅም አለ? ማን ነው ያለሽ? እስከ መጨረሻው ደስ ብሎት እንደሚለቅ ነው የማውቀው።»

ከቢሮው ስትወጣ የፓርቲው ሴቶች በር ላይ ያጉረመርማሉ። የሴናተሩና የአገረ ገዥው ፊት የታተመበት የሰልፍ ጨርቅ ዘግይቶባቸዋል። ላራባ ቆም ብላ የት እንደሚታተም ጠየቀች፤ ከዚያ ካኖ ከተማ ላለው ማተሚያ ቤት ስልክ ደወለች።

ዓርብ ፓርቲው ኢልያሱን ለጋዜጠኞች ሊያስተዋውቅ አዳራሹን ሞላ። ላራባ ካቴና የገባበትን ሃቢቡንና ፖሊሶችን አስከትላ ገባች።

«የሙንታቃ ስም የሚለወጠው በፈቃዱ ሲለቅ ወይም ሲሞት ብቻ ነው» አለች። «አገረ ገዥው ይለቃል ብለው አምነው በሬ አርደዋል፤ መግደል አያስፈልጋቸውም። ሃቢቡ ወንድሙ ምክትል ፕሬዚዳንት ቢሆንለት ይጠላል? ሞቱ የሚጠቅመው እንደማይለቅ ላወቀ ሰው ነው። ዶክተር፣ አላውቅም ብለውኝ ነበር። ታዲያ ሰኞ ጠዋት ካኖ ደውለው ጨርቁን አቁሙ ያሉት ለምንድን ነው?»

«ቀለሙ ተበላሽቶ ነው።»

«ማተሚያ ቤቱ ስለ ቀለም አንድም ቃል አልሰማም። ይሁን። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ቀጥሉ ብለዋል። አስከሬኑ የተገኘው ቀትር ላይ ነው። ኢልያሱ እንደገና ምክትል መሆናቸውን ከሬሳው ሌላ ማን ነገረዎት?»

ኦሳሮ ቀና አለ። ዓይኑ መድረኩ ላይ ወዳለው ሴናተር ኦላጂዴ ሄዶ እዚያው ቀረ። ፖሊሶቹ ካቴናውን ከሃቢቡ እጅ ፈትተው ለእሱ አጠለቁለት።

አጃቢዎቹ ሴናተሩን በጓሮ በር ሊያስወጡ ሲሉ ላራባ መንገዱን ዘጋች።

«ዶክተሩ የሚያየው እርስዎን ነው፣ ሴናተር። ሙንታቃ አልለቅም ማለቱን ያውቁ ነበር? ‹መላ ፈልግ› ያሉትስ እርስዎ ነዎት? ቢሮሽ መጥቼ እመልሳለሁ አይበሉኝ። ማይክሮፎኑ ከፊትዎ ነው፤ ድምፅ ስጠኝ ለሚሉት ሕዝብ አሁን ይመልሱ።»