ከመስመር የወጣችው አውሮፕላን

ዴልማር አውሮፕላኑን የሚያስነሳው ጎህ ሳይቀድ ነው። ፀሐይ ከወጣች የኔቫዳ በረሃ ድንጋዩም አሸዋውም አብሮ ይግላል፤ ያን ጊዜ ከምድር ሆድ የሚመጣው ሙቀት የቱ እንደሆነ አይለይም። ሎረታ ደግሞ ጠዋት ሬኖ ከተማ ቢሮዋ ተቀምጣ በሙቀት ካሜራ ያነሳቸውን ፎቶዎች ታነባለች፤ ቀዝቃዛው ጥቁር፣ ሙቁ ነጭ ነው። መሬቱ ነጭ በሆነበት እንፋሎት ይፈለጋል፤ ከእንፋሎቱ መብራት ይወጣል።

«ዛሬስ ምን አመጣህልኝ?» ትለዋለች።

«በረሃ። ትናንትም በረሃ ነበር።» ከኪሱ የተቆላ የጥድ ፍሬ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ይበትናል። «ብይ፤ ከስተሻል።»

«የምታከሳኝስ አንተ አይደለህ!»

ከዚያ ፍሬውን አብረው ይፈለፍላሉ። ፍቅርና ሳል አይደበቅም እንደሚባለው ቢሮው ሁሉ አውቆታል፤ እነሱ ብቻ ስሙን አልጠሩትም።

በረዶ በጣለ ሰሞን ሎረታ አንድ ነገር አየች። እንደ ትልም ቀጥ ማለት ከነበረባቸው የበረራ መስመሮች አንዱ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይጎብጣል፤ ከጨው ሜዳው ማዶ፣ ጥናቱ ወደማይነካው ወገን። በጎበጠበት ጫፍ አንዲት ብቸኛ ቤት አለች፣ በፎቶው ጣሪያዋ ነጭ።

ሴት አለችው፣ አለች በልቧ። ቅናት ይሉት ነገር ማጣራት አያውቅም። እሱን አንድ ቃል ሳትጠይቅ ለአለቃቸው፣ «አብራሪው ከመስመር እየወጣ ነዳጅ ይጨርሳል» ብላ ነገረች።

«ዳግመኛ ከወጣህ ሥራህን ትለቃለህ» ተባለ ዴልማር። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን አቀርቅሮ ወጣ። መስመሮቹ ቀጥ አሉ፤ እሷም ጥቂት ቀን በሰላም ተኛች።

በሳምንቱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ።

«እናቴ አረፈች» አለ። «ምድጃዋ ሥር ወድቃ አገኟት፤ ምድጃው ጠፍቶ ነበር። መቼ እንደወደቀች የሚያውቅ የለም።»

«ቤቷ... የት ነው?»

«ከጨው ሜዳው ማዶ። ‹የፓዩት ጎሳ ልጅ ሆነህ ምድራችንን ለሚቦረቡሩ መንገድ ትመራለህ!› ብላ አኩርፋኝ ነበር፤ ስልኬን አታነሳም። ጣሪያዋ መሞቁን በካሜራው ሳይ ግን፣ ተነስታ እንጨት ጨምራለች፣ ደህና ናት እላለሁ። ባይከለክሉኝ ኖሮ ጣሪያው ሲቀዘቅዝ አይቼ ያኔውኑ እደርስላት ነበር።»

ሎረታ ከወንበሯ ተነሳች።

«የነገርኩብህ እኔ ነኝ፣ ዴልማር። ሌላ ሴት ያለችህ መስሎኝ...»

አልጮኸባትም።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለ ብቻ።

ቀብሩ ላይ ሳይጠራት ሄደች፤ ከሰዉ ኋላ ቆመች። የሟቿ እህት አይታት ተጠጋቻት።

«አንቺ ልጅ፣ የዴልማር ምኑ ነሽ? ‹ለእናቴ የማሳያት ልጅ አለችኝ፣ አስታርቂንና ይዣት ልምጣ› ብሎኝ ነበር። አንቺ ነሽ እንዴ?»

ሎረታ ዴልማርን አየችው። የአክስቱን ጥያቄ ሰምቷል። አፈሩን እያየ ነበር፤ ቀና አላለም።

«አይደለሁም፣ እማማ» አለች። «አብረን ነው የምንሠራው።»