የላይኛው ሶኬት

«ነይ እዚህ» አለ አባቷ ዞር ሳይል። በጉልበቱ ተንበርክኮ የእጅ ባትሪ በዓሣ ገንዳው መስታወት ላይ ያበራል። «የማየው ልክ መሆኑን አንቺም እዪልኝ።»

ልጅቷ ለትምህርት ቤት ልትወጣ ያነገተችውን ቦርሳ በሩ ሥር ጣለችና አጠገቡ ተንበረከከች። ሁለቱ ዲስከሶች፣ እንደ ሳህን ክብና ጠፍጣፋ ዓሣዎች፣ በአኳሪየሙ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። ትናንት ብርቱካናማ የነበረው ገላቸው ጠቁሯል፤ ሲፈሩ ብቻ የሚወጡት ቋሚ መስመሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በመካከላቸው ያለው ውሃ ንጹሕ ነው። በጣም ንጹሕ። ትናንት በእናትና በአባታቸው ጎን ላይ እንደ አቧራ ተለጥፈው ከነበሩት መቶ ምናምን ጫጩቶች አንድም የለም።

«በሏቸው» አለች።

«በሏቸው» አለ አባቷም። ድምፁ አልተለወጠም። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ለበሽተኛ ክፉ ውጤት ሲያስረክብም በዚሁ ድምፅ ነው ይባላል።

ይህ ጥንድ እስከዚያ ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ እንቁላል ጥሎ አሥራ አንዱም ከንቱ ቀርቷል። አንዳንዴ እንቁላሉን ራሳቸው ለቃቅመው በሉት፤ አንዳንዴ ሻጋታ አነጣው፤ አንዴ ተፈልፍሎ በሦስተኛው ቀን አለቀ። በአሥራ ሁለተኛው ተሳካ። የዲስከስ ጫጩት እንደ ሌላ ዓሣ ልጅ ምግብ ቢበተንለት አያውቅበትም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድገው ከወላጆቹ ቆዳ የሚወጣውን ዝልግልግ ነገር እየጋጠ ነው። እናትየው ሲደክማት ገላዋን ነቅነቅ ታደርጋለች፤ ጫጩቶቹ ተነሥተው እንደ ጭስ ወደ አባትየው ይሄዳሉ። ድንገት ከጨለመ ግን ወላጆቻቸውን አጥተው በየፊናቸው ይበተናሉ። በጨለማ የደነገጠ ወላጅ ደግሞ አፉ የደረሰበትን ሁሉ ይውጣል። ከአኳሪየሙ በላይ አንዲት ደብዛዛ አምፖል ቀንም ሌትም የማትጠፋው ለዚህ ነበር።

አባቷ ባትሪውን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንዱ ከሌላው በላይ የተተከሉ ሦስት ሶኬቶች አሉ። መካከለኛው ላይ ማሞቂያው ተሰክቷል። ታችኛው ባዶ ነው። የአምፖሏ የነበረው ላይኛውም ባዶ ነው፤ ገመዷ ከጠረጴዛው ኋላ ወለል ላይ ወድቋል።

ልጅቷ ገመዱን ስታይ የትናንቱ ትዝ አላት።

ትናንት ከእራት በፊት ስልኳ ሊጠፋ ሦስት በመቶ ቀርቶት ነበር። የክፍል ጓደኞቿ ስለ ፈተናው እየተጻጻፉ ነው። ታችኛው ሶኬት ላይ የአክስቷ ካውያ ተሰክቷል፤ አክስቷ ሌላ ልብስ ልታመጣ ወጣ ብላለች። «ለአምስት ደቂቃ» ብላ አምፖሏን ነቀለችና ቻርጀሯን ሰካች። የጣሪያው መብራት እየበራ ስለነበር የሚታይ ለውጥ አልነበረም። እራት ሲባል ስልኳን ነቅላ እየሮጠች ወጣች። ሁለት ሰዓት ላይ አባቷ፣ ዓሣዎቹ እንዳይደነግጡ በሩን ሳይከፍት፣ የጣሪያውን መብራት ኮሪደሩ ላይ ካለው ማብሪያ አጠፋ።

«ምነው? ሬሳ የምትጠብቁ መሰላችሁሳ!» አክስቷ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ገባች። የአባቷ ታላቅ እህት ናት። የልጅቷ እናት ከሞተች ጀምሮ፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ የልብስ ስፌት መኪናዋን ተክላ እሷንና ታላቅ ወንድሟን አሳድጋለች። ሰፈሩ «መቀሷ አይስትም» ይላታል።

«እትዬ» አለ አባቷ፣ «ትናንት ስትተኩሺ ካውያውን የቱ ላይ ነው የሰካሽው?»

«ታችኛው ላይ ነዋ። ሁልጊዜ የምሰካበት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እንዴ፣ እርግጠኛ…» ዓይኗ ወለሉ ላይ ያለው ገመድ ላይ፣ ከዚያ አኳሪየሙ ላይ አረፈ። «ውይ! ውይ፣ ምን ነካቸው?»

«አምፖሏ ተነቅላለች። ትናንት እዚህ ግድግዳ ላይ ዕቃ የሰካ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ታላቅ ወንድሟ የጥርስ ብሩሹን እንደጎረሰ በሩ ላይ ብቅ አለ። ከደፉ አላለፈም። ከሁለት ዓመት በፊት ጓደኞቹን ሊያስቅ መስታወቱን በጣቱ ስለደበደበ አባቷ «ሁለተኛ እዚህ አትገባም» ብሎታል። አልጮኸም፣ አልመታም። ልጁ ግን ሁለተኛ አልገባም።

«አክስቴ» አለ ወንድሟ፣ ሙድ መያዝ ሲያምረው እንደሚያደርገው ዓይኑን አጥብቦ። «እኔን ታስታውሺኛለሽ? ስሜ በምን ፊደል ይጀምራል?»

«በ'ደ'! ደደብ ስለሆንክ!» አለችና ሳቀች።

ብቻዋን ነበር የሳቀችው። አባቷ አልሳቀም። «ባለፈው ሳምንት ድስት አሳርረሻል» አለ። «ከዚያ በፊት ቁልፉን በሩ ላይ ሰክተሽው ሄደሻል። ለእኔም የጠዋቱን ሻይ ሁለቴ ያመጣሽበት ቀን አለ።»

የአክስቷ ሳቅ ከፊቷ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ተነሣ። እጇን በፎጣው ጠረገች፤ እጇ ደረቅ ነበር። «እኔ እሆናለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሌላ ማን ይሆናል? እኔው ነኝ።»

ልጅቷ የከፈተችውን አፏን ዘጋችው። እንደዚያ ቀላል ይሆናል ብላ አልጠበቀችም።

አባቷ የዓሣዎቹ መዝገብ አለው። የውሃው ሙቀት፣ የውሃ ለውጡ፣ እንቁላል የተጣለበት ሰዓት፣ ሁሉም ይጻፍበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመዝገቡ ጀርባ ሌላ ዝርዝር ተጀመረ። የሚጽፈው እሱ አይደለም፤ የልጅቷ እጅ ጽሑፍ ስለሚያምር እሷን ነው የሚያስጽፋት።

«ጻፊ። ማክሰኞ፦ ስኳር ሁለት ጊዜ ጨመረች። ረቡዕ፦ የጎረቤቷን ልጅ በወንድሙ ስም ጠራችው።»

«አባዬ፣ በእሱማ እኔም እሳሳታለሁ። መንታ ናቸው እኮ።»

«የተደረገውን ጻፊ። ትርጉሙን በኋላ እናየዋለን።»

ጻፈች። መስመሩን ጠብቃ፣ ሳትሰርዝ።

አባቷ ካውያውን ወስዶ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። ወንድሟም ቀልዱን አላቆመም፤ ምሳ ሲበላ «አክስቴ፣ እኔ በልቻለሁ ወይስ አልበላሁም?» ይላታል። በፊት ቢሆን በጭልፋ ታባርረው ነበር። አሁን ግን ሳህኑን ታያለች፣ እሱን ታያለች፣ ደግማ ሳህኑን ታያለች። እሱም በአራተኛው ቀን ገደማ ቀልዱ አላስቅ ሲለው ተወው።

በዚያው ሰሞን አክስቷ ለአንዲት ሙሽራ ልብስ ልትሰፋ ጨርቅ ተቀብላ ነበር። ልጅቷ የቤት ሥራዋን ሳሎን ውስጥ እየሠራች አክስቷን ከደብተሯ በላይ ታያታለች። ጨርቁን ትዘረጋለች፣ በሜትር ትለካለች፣ «ሰባ አራት» ትላለች። መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ 74 ብላ ትጽፋለች። መቀሱን ታነሣለች። ታስቀምጠዋለች። እንደገና ትለካለች። አምስት ጊዜ ለክታ አምስት ጊዜም ሰባ አራት መጣላት፤ አልቆረጠችውም።

ሙሽራይቱ ለመለካት ስትመጣ አክስቷ ጨርቁን አጣጥፋ እንዳለ መለሰችላት። «ሌላ ሰፊ ፈልጊ፣ ልጄ። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም።»

«ምን ሆነው ነው፣ እትዬ? የእናቴንም የሰፉት እርስዎ አይደሉ?»

«እጄን አላምነውም» አለች አክስቷ። በሩን ራሷ ከፍታ ሸኘቻት፤ ከዚያ መቆለፉን ሦስት ጊዜ ተመልሳ አየችው።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ውሃ ልትጠጣ ወጥ ቤት ስትገባ አክስቷ ምድጃው ፊት ቆማ አገኘቻት። ምንም አልተጣደም።

«ሚጢጢ» አለቻት። ስታቆላምጣት የምትጠራት እንዲህ ነው። «ያን ዕለት ስተኩስ ገብተሽ ወጥተሽ ነበር፣ አይደል?»

«እ… አዎ።»

«ካውያው የቱ ላይ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምም። ለእኔ የሚታየኝ ታችኛው ነው። ጎንበስ ስል ወገቤን እንዳመመኝ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ታችኛው ካልነበረ ግን፣ እንዲህ ጥርት ብሎ የሚታየኝን ነገር ማመን የለብኝም ማለት ነው።»

ልጅቷ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው። «አላየሁም» ማለት ትችል ነበር። እውነቱንም መናገር ትችል ነበር። ነገር ግን ስለ ሶኬቱ ጥያቄው በቀጠለ ቁጥር ወደ እሷ እየቀረበ መጥቷል፤ እንዲቆም ፈለገች።

«ላይኛው መሰለኝ» አለች።

«ላይኛው?»

«አዎ። ላይኛው ነው።»

አክስቷ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ» አለች። «እንዲያ ከሆነ እሺ።» ዞራ ያልተለኮሰውን ምድጃ አጠፋች።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ዲስከሶቹ እንደገና እንቁላል ጣሉ። ገላቸው ወደ ብርቱካናማ ተመልሷል። እናትየው እንቁላል መጣያ እንዲሆን ውሃው ውስጥ በቆመው የሸክላ ሾጣጣ ላይ ረድፍ በረድፍ እየደረደረች ትወጣለች፤ አባትየው ከኋላዋ ይከተላል። ከዚያ ሁለቱም በክንፋቸው እንቁላሉን ያራግቡታል። ልጆቻቸውን የበሉ አይመስሉም። ልጅቷ ቀናችባቸው።

አባቷ አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ቅዳሜ አጎትሽ መኪና ይዞ ይመጣል» አለ። «እትዬ እሱ ጋ ትሄዳለች።»

«ለስንት ቀን?»

«ለቀን አይደለም። እኔ ሥራ እውላለሁ፣ እናንተ ትምህርት ቤት። ዛሬ አምፖል ነው፤ ነገ ጋዝ ይሆናል። እሱ ቤት ቀኑን ሙሉ ሰው አለ።» ዓይኑን ከእንቁላሉ ላይ አላነሣም። «እሷም እሺ ብላለች። እንዲያውም 'ልጆቹን ሳላቃጥላቸው ውሰዱኝ' ነው ያለችው።»

ልጅቷ ወደ ላይኛው ሶኬት ቀና ብላ አየች።

«ሌላም ነገር አለ» አለ አባቷ፤ መዝገቡን አንሥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠው። «ከዛሬ ጀምሮ መዝገቡ ያንቺ ነው። ይህንን ጥንድ ካንቺ በቀር ማንም አይነካውም፣ እኔም ሳላስፈቅድሽ አልነካውም።»

ይህን ቃል ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች። ወንድሟ ከደፉ ውጭ ሲቀር እሷ ገብታ፣ ባልዲ ተሸክማ፣ ስፖንጅ አጥባ፣ በየቀኑ ቴርሞሜትር አንብባ ጠብቃዋለች። አሁን መዝገቡ ጭኗ ላይ ነው፤ ከፍታ እንኳ አላየችውም።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቷ ፒክአፑን በር ላይ አቆመ። ወንዶቹ የስፌት መኪናውን ተሸክመው ሲያወጡ አክስቷ ሳሎን ውስጥ መቀሶቿን በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። የስፌት መኪናው የነበረበት ቦታ ወለሉ ላይ አራት ጉድጓድ ትቷል። ልጅቷ ጉድጓዶቹን እያየች ተናገረች።

«ታችኛው ነበር።»

«ምኑ?»

«ካውያው። ታችኛው ላይ ነው የሰካሽው። አምፖሏን የነቀልኳት እኔ ነኝ። ስልኬን ልሰካ።»

አክስቷ መጠቅለሉን አቆመች። «እና ስጠይቅሽ?»

«ዋሸሁሽ።»

አክስቷ ትጮኻለች፣ ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ታቅፈኛለች ብላ ጠብቃ ነበር። አክስቷ ግን ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የመጋረጃውን ወርድ ለካች። «መቶ አሥራ ሁለት።» እንደገና ለካች። «መቶ አሥራ ሁለት» አለችና ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ስንት ቀን ሆነ?»

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ራሴን ፈራሁት» አለች። «አንቺ እያየሽኝ። ደብተርሽን ዘርግተሽ፣ እዚያች ጋ ቁጭ ብለሽ።»

«አክስቴ፣ ይቅር—»

«አትንኪኝ አሁን።»

ልጅቷ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። «አብረሽኝ ነይና ለአባዬ እንንገረው።»

«እኔ? እኔ ብናገር 'ይኸው ደግሞ ተረት መፍጠር ጀመረች' ይላል። ጻፊ ይልሻል። ትጽፊዋለሽ፣ ባማረው እጅሽ።» መቀሶቹን መልሳ መጠቅለል ጀመረች። ቀና አላለችም። «እኔ ተዘጋጅቻለሁ። መሄዴ ነው።»

ልጅቷ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ የምትለውን ደረደረች፦ አባዬ፣ አንድ ጊዜ ለብቻህ ላናግርህ። ገባ ብለን። በሩን ዘግተን። እሱም በረጋ ድምፁ ያደምጣታል፤ ከዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። የቱን ዓረፍተ ነገር እንደሚናገር ታውቃለች፤ ወንድሟን ከደፉ ውጭ ያስቀረችውን።

ውጭ፣ የስፌት መኪናው ፒክአፑ ላይ ተጭኗል። አጎቷ በዚያ በኩል ገመድ ያቀብላል፣ አባቷ በዚህ በኩል ይቋጥራል፤ ወንድሟ ፒክአፑ ላይ ወጥቶ የስፌት መኪናውን ይዞላቸዋል። አባቷ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ አንዱን ቋጠሮ ሁለት ጊዜ ስቦ ካልፈተነ ወደሚቀጥለው አይሄድም።

«አባዬ።»

«ምነው? እንቁላሉ ደህና አይደለም?»

«ገመዱን ፍታው።»

«ለምን?» አለ። ቋጠሮውን አለቀቀም።

አጎቷ አንገቱን አስግጎ አያት። ወንድሟ ከላይ ሆኖ ሊስቅ ሲል ፊቷን አይቶ ተወው። ልጅቷ አባቷን ወደ ጎን አልጠራችውም። ሦስቱም በሚሰሙበት ቦታ፣ ፒክአፑ አጠገብ ቆማ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራቸው ጀመር።