የታኘከው ክር

«አኗኗርህን ንገረኝ፣ ልብስህን ልንገርህ» እያለች ከተማውን ስታለብስ የኖረችው አማካሪ፣ በልብስ መለኪያ ክፍሏ በአፍጢሟ ተደፍታለች። ሦስት ጊዜ ራሷ ላይ ያረፈው ከባድ ካውያ አጠገቧ ወድቋል። ደሙ ጣሪያ ነክቷል።

ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት መርማሪ ስትገባ፣ ሁለተኛ ሬሳ ሊጨመርላት ትንሽ ነበር የቀረው። የሟች ወንድም የእህቱን ባል ግድግዳ ላይ አጣብቆ አፍንጫውን ሰብሮታል።

«ገዳይ! ጠዋት ስትጨቃጨቁ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል!»

«ስለ ቱታዬ ነው የተጨቃጨቅነው!» አለ መካኒኩ ባል ደም እየተፋ።

ፖሊሶች አላቀቋቸው። ካቴናው ለባልየው ተዘጋጅቷል። ወንድምየው ደግሞ «ጣቢያ በሕይወት አይደርስም!» ብሎ ምሏል፤ ዓይኑን ላየው መሐላው ቀልድ አልነበረም።

የበሩ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ ባሏ፣ ላውንደሪ ያለው ወንድሟና አብራት የምትሠራው ልብስ ሰፊ።

ወስፌ አንዱ ቁልፉ የረገፈ አሮጌ ካፖርቷን ሰብስባ ክፍሉን ዞረች። የተሰቀሉት ልብሶች ሁሉ ደም ተረጭተዋል። ነጩ የሐር ቀሚስ ደረት ላይ ግን ፈዛዛ፣ እርጥብ፣ ሳንቲም የምታህል ሮዝ ምልክት ብቻ አለች። ከሥሩ ወለሉ ላይ አተር የምታክል፣ የራሰች የነጭ ክር ድቡልቡል ወድቃለች።

«ቀሚሱ የማነው?»

«የአንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት» አለች ሰፊዋ። «ሦስት ወር በእጄ ሰፋሁት።» ኮሌታዋ ላይ አራት መርፌ ተሰክቷል። ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶዋ ግን መርፌዎቹ ያሉት ሽርጧ ላይ ነው። ዛሬ ሽርጥ የለም።

«ቀኑን ሙሉ ቀለም የነካካ ሕፃን ለምታቅፍ ሴት ነጭ ሐር?»

«እሷም እንደዚሁ ነበር የምት…» ሰፊዋ ቀሪውን ዋጠችው።

ወስፌ ለአንድ ፖሊስ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው። ከዚያ ሦስቱንም ሬሳው ፊት አቆመች።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ። ልብሳችሁን ደም ቢነካው በምን ታስለቅቃላችሁ?»

«በቤንዚን» አለ ባልየው።

«ቤንዚን!» ወንድምየው ተፋ። «እህቴ ያገባችው ይሄን ነው! ቀዝቃዛ ውሃና ጨው ነው እንጂ! ሙቅ ውሃ ከነካውማ ደሙ እንደተጋገረ ይቀራል።»

«አንቺስ?»

«እኔ… ለእሱ ላውንደሪ ነው የምሰጠው።»

«ኧረ ባክሽ!» አለ ወንድምየው። «መርፌ ጣትሽን በወጋሽ ቁጥር ክር እያኘክሽ አይደል እንዴ የምትጠርጊው? የእኔን ቀዝቃዛ ውሃ መች ፈልገሽ ታውቂያለሽ!»

የሰፊዋ ፊት ከሐሩ በላይ ነጣ። ወስፌ መዳፏን ዘረጋች፤ ድቡልቡሏ ክር ታየች።

«ባል ቢሆን ክፍሉ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር። ወንድም ቢሆን ቀሚሱ ላይ ጨው ይቀር ነበር። የዛሬው ገዳይ ግን ሬሳ ተራምዶ፣ ክር አኝኮ፣ ቀሚስ ጠረገ። ሰው ገድሎ ለጨርቅ የሚራራ የሰፋው ብቻ ነው። ለመሆኑ ሽርጥሽ የት ሄደ?»

ፖሊሱ ጥግ ላይ የነበረውን የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ገለበጠው። ሽርጡ በደም ተጨማልቆ ከሥር ወጣ።

«ጥቁር ቀለም ውስጥ ልትነክረው ነበር!» ሰፊዋ ጮኸች። «‹ለአኗኗሯ አይሆንም› ብላ! ሦስት ወር ዓይኔ የፈሰሰበትን!»

«ልክ እኮ ነበረች» አለች ወስፌ። «ደግሞ ምራቅ አጥርቶ የሚያስለቅቀው የራስን ደም ነው ይባላል። የሷ አልለቀቀሽም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሰፊ በካቴና ወጣች። በሩ ላይ ዞራ ያየችው ቀሚሱን እንጂ ሬሳውን አልነበረም።

ወንድምየው እጁን የሚያስገባበት አጣ። የጣቶቹ አንጓ ላይ የእህቱ ባል ደም አለ።

«አማቼ» አለ፣ በስንት ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሸሚዝህን አውልቀህ ስጠኝ። ሳይደርቅ ላጥብልህ።»

ባልየው የተሰበረ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ፖሊሶች ሚስቱ ላይ ያለበሱትን አንሶላ አየና ወደ በሩ ሄደ።

«ተወው» አለ። «ቤንዚን አለኝ።»